ያገኘውን ሁሉ ስለሚያኝክ ውሻ

ውሻ ከሰው ጋራ የኖረ፥ በሰው ደጅ ያደገ፥ ሌሊቱን ግቢ ከሌባና ከጅብ የሚጠብቅ የቤት እንስሳ እንደ ሆነ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ከብት፥ ስለ ዶሮና ስለ ንብ አያያዝ የሚነገረውን ያህል ስለ ውሻ አያያዝ ሲነገር ብዙ አይሰማም። ትራፊ እንሰጠዋለን፤ ሲጮኽ ደስ ይለናል፤ ሳይጮኽ ሲቀር እንቈጣለን፤ ከዚህ ያለፈ ጉዳይ ከእርሱ ጋራ ያለን አይመስለንም። ቡችላው ጠንክሮ ጫማ ሲቦጫጭቅ፥ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ጎትቶ ሲያወርድ፥ የልጆችን ኳስ ሲቀድ ግን ነገሩ ወዲያው የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። ከዚያም የሚከተለው አብዛኛውን ጊዜ ዱላ ነው፤ ዱላው አልሠራ ሲል ደግሞ ከቤት ማባረር ነው። በእኛም ቤት ነገሩ እስከዚያ ድረስ ደርሶ ስለ ነበረ፥ ያየሁትንና የተማርሁትን ለሌሎች ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፋለሁ።

ውሻችን መከታ ይባላል። መልኩ ቡላ፥ ጆሮው ቀጥ ያለ፥ የታወቀ የሀገራችን ውሻ ነው። የ2 ወር ቡችላ ሳለ ወደ ቤታችን መጣ፤ አሁን አንድ ዓመት ተኩል ሆኖታል። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ባለፈው ክረምት ሊጠይቀን በመጣ ጊዜ፥ ልጆቹ ውሻ እንዳላቸው ሰምቶ ስለ ነበረ ለውሻውም ሦስት መጫወቻ ይዞ መጣ። አንደኛው በጥጥ የታጨቀና ሲጫኑት የሚያፏጭ የጨርቅ ዳክዬ ነበረ፤ ሁለተኛው ወፍራም የጥጥ ገመድ፥ ሦስተኛው መካከሉ ባዶ የሆነ ጠንካራ የጎማ መጫወቻ ነበረ። አማቴ ይህን ባዩ ጊዜ፥ «ለውሻ ደግሞ አሻንጉሊት! ሰው ምን ይለናል?» ብለው ሳቁ። ዳክዬውም አቦል ሲቀዳ ተሰጥቶት፥ በረካ ሳይደርስ ሆዱ ተዘርግፎ ጥጡ በግቢው ሁሉ ተበተነ። ገመዱ በሳምንቱ ክር ክሩ ወጣ። የጎማው ብቻ ቀረ።

መከታ ግን መጫወቻው ቢያልቅበትም ሥራው አላለቀበትም። የልጆቹን ካልሲ፥ የመጥረጊያውን እጀታ፥ የውኃ ማጠጫውን ጎማ ተራ በተራ ጨረሰ። በመጨረሻም ባለቤቴ ለበዓል ብቻ የምትለብሰውን ነጠላ ከማስጫው ላይ አውርዶ ጥለቱን ዘለዘለው። ያን ቀን አማቴ ከሳቅ ወደ ቍጣ ተሻገሩ። «መምህር፥ ይህን ውሻ ከዚህ ቤት ያስወጡልን። ዛሬ ነጠላ የበላ ነገ ልጅ ይነክሳል። ከከተማ ወጣ አድርጎ የሚጥለው ሰው አይጠፋም» አሉኝ። ባለቤቴም ዝም አለች፤ ዝምታዋም ፈቃዷ ነበረ። የ10 ዓመት ልጃችንና የ6 ዓመት ወንድሟ ግን ያን ማታ እራት አልበሉም።

ከከተማ ወጥቶ የሚጣል ውሻ ምን እንደሚገጥመው ሁላችን እናውቃለን። በሰው እጅ በልቶ ያደገ እንስሳ አድኖ መብላት አይችልም፤ ወይ በረኀብ፥ ወይ በመኪና፥ ወይ በጅብ፥ ወይ በመርዝ ያልቃል። እኔም አማቴን፥ «እማማ፥ እስከ ጥምቀት ድረስ ጊዜ ይስጡኝ፤ እስከዚያ ካልተሻሻለ እንደ ቃልዎ ይሁን» ብዬ ለመንኋቸው። ወሩ ኅዳር ነበረ፤ ስለዚህ ሁለት ወር ያህል ጊዜ አገኘን።

በቅድሚያ የጠየቅሁት ጥያቄ፥ ውሻ ስለ ምን ያኝካል? የሚል ነበረ። መልሱም አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ጥርስ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ ከ4ኛው ወር ገደማ ጀምሮ እነዚህ እየረገፉ እስከ 7ኛው ወር ባለው ጊዜ 42 ቋሚ ጥርሶች ይተኩባቸዋል። የሰው ልጅ 20 የወተት ጥርሶቹን በ32 ለመተካት ብዙ ዓመታት ሲፈጅበት፥ ቡችላ ይህን ሁሉ በጥቂት ወራት ይፈጽማል። ድዱ ሲያብጥና ሲያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ቢነክስ የሚያስገርም አይደለም። በዚህ ጊዜ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ ነክሮ፥ ጠምዝዞና በማቀዝቀዣ አቀዝቅዞ፥ አጠገቡ ሆኖ ቢሰጡት ሕመሙን ያቀልለታል።

ሁለተኛው ምክንያት ውሻ እጅ የሌለው መሆኑ ነው። ሕፃን አዲስ ነገር ሲያገኝ በእጁ ያገላብጣል፤ ውሻ ግን የዓለምን ነገር የሚመረምረው በአፍንጫውና በአፉ ነው። ሦስተኛው ምክንያት በደሙ ያለ የአደን ጠባይ ነው። የሚያፏጨው ዳክዬ ለእኛ አሻንጉሊት ሲሆን፥ ለመከታ ግን ሲነከስ የሚጮኽ ታዳኝ ነው፤ ይዞ ማራገፉ፥ ሆዱን መቅደዱና ውስጡን ማውጣቱ አያቶቹ ሲኖሩበት የነበረው የአመጋገብ ሥርዓት ነው። እኛ መጫወቻውን አጠፋ እንላለን፤ እርሱ ግን በሚገባ ተጫወተበት።

አራተኛውና በሀገራችን ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ሥራ ማጣት ነው። አባቶቻችን «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ሲሉ የተናገሩት ለሰው ነው፤ ነገር ግን በውሻም ላይ በትክክል ይፈጸማል፤ ልዩነቱ ውሻው ቀድዶ አለመስፋቱ ብቻ ነው። በብዙ ግቢ ውሻ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ሌሊት ይፈታል። የሚያየው አንድ አጥር፥ የሚረግጠው አንድ ክብ መሬት ነው። ጕልበት የሞላው ወጣት እንስሳ እንዲህ ተይዞ ሲኖር ያ ጕልበት በአንድ በኩል መውጣቱ አይቀርም፤ ወይ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል፥ ወይ ይቆፍራል፥ ወይ ያኝካል። አንዳንዱም ውሻ ብቻውን ሲቀር በጭንቀት በርና መስኮት ያኝካል፤ ይህ ዓይነቱ ከጨዋታ ተለይቶ ሊታይና የእንስሳት ሐኪም ሊጠየቅበት ይገባል።

አማቴ ግን ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ጥፋቱን ባያውቅ ኖሮ እኔን ሲያይ ለምን አንገቱን ይደፋል? ጅራቱንስ ለምን በእግሩ መካከል ያስገባል?» ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነውና። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ ተመራማሪ በ14 ውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት ይህንኑ መርምረዋል። ባለቤቱ ውሻውን ምግብ እንዳይነካ አዝዞ ከክፍሉ ይወጣል፤ ሲመለስ ውሻው በልቷል ወይም አልበላም ተብሎ ይነገረዋል፤ የሚነገረውም አንዳንድ ጊዜ እውነት፥ አንዳንድ ጊዜ ሐሰት ነበረ። የታየውም ውጤት ያ የጥፋተኛ መልክ የሚመጣው ውሻው በማጥፋቱ ሳይሆን ባለቤቱ በመቈጣቱ እንደ ሆነ ነው። እንዲያውም መልኩ ጎልቶ የታየው ምንም ሳያጠፉ በተቈጡት ውሾች ላይ ነበረ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሐሳቤ ከውሻው አልፎ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። ከ20 ዓመት በላይ በሰሌዳ ፊት የቆምሁ ሰው ነኝ፤ አስቀድሞም በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደል ቈጥሬ፥ ዳዊት ደግሜአለሁ። በሁለቱም ቤት፥ ሰው ሲቈጣ አንገቱን የሚደፋ ልጅ «ይኸው፥ ፊቱ መሰከረበት» ሲባል ሰምቻለሁ። የፍርሃት ፊትና የጥፋት ፊት ግን እጅግ ይመሳሰላሉ። አንገቱን የደፋ ሁሉ ጥፋቱን አምኗል ማለት አይደለም፤ የተቈጣውን ሰው መፍራቱን ብቻ ይገልጻል። ከጥፋቱ በኋላ ብዙ ቆይቶ የሚመጣ ዱላ ለውሻ ትርጕም የለውም፤ ጠዋት ያኘከውን ነጠላና ማታ የሚወርድበትን በትር አያገናኛቸውም። የሚያገናኘው ያን ጊዜ የሚሠራውን ነው፤ ይኸውም ጌታውን ሊቀበል መምጣቱን። እንዲህ ሲደጋገም ውሻው ማኘኩን አይተውም፤ ተሸሽጎ ማኘክን ግን ይማራል። በመምህራን ማሠልጠኛ ስሙ የሚነሣው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 በድመቶች ጥናቱ እንዳሳየው፥ እንስሳ የሚደግመው መልካም ውጤት ያስገኘለትን ሥራ ነው። እንግዲህ ጥበቡ ማኘክን በመከልከል ሳይሆን፥ የሚገባውን ማኘክ ከማይገባው ይልቅ የሚጠቅመው እንዲሆን በማድረግ ላይ ነው።

በእነዚያ ሁለት ወራት ያደረግነው ይህ ነው። በመጀመሪያ ቤቱን ሰበሰብን። ጫማ በመደርደሪያ፥ ካልሲ በቅርጫት እንዲገባ፥ የልብስ ማስጫው ገመድ ከፍ እንዲል አደረግን። ለልጆቼ ከስብከት ሁሉ የበለጠ ያስተማራቸው ይህ ነበረ፤ ዕቃውን ያላነሣ ልጅ ዕቃውን ማጣቱን በዓይኑ አይቷልና። በተለይም ልብ ልንለው የሚገባን፥ አሮጌ ጫማ ለውሻ መጫወቻ ብሎ መስጠት አይገባም፤ ውሻ አሮጌውን ጫማ ከአዲሱ የሚለይበት መንገድ የለውምና፥ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል ግራ ማጋባት ነው።

ቀጥሎ መጫወቻ መረጥን። የመጫወቻ ሚዛን ሁለት ነው፦ መጠኑና ጥንካሬው። መጠኑ በሙሉ ወደ አፉ ገብቶ ወደ ጕሮሮው ሊወርድ የማይችል መሆን አለበት። ጥንካሬው ደግሞ በአውራ ጣት ጥፍር ተጭነው ሲያዩት ትንሽ እጥፍ ወይም ስርጕድ የሚል ይሁን። ፈጽሞ የማይበገር ነገር፥ ማለት ቀንድ፥ ሰኮና፥ ደረቅ የጭን አጥንትና ድንጋይ፥ በላይኛው መንጋጋ በጎን ያለውን ትልቁን የመቁረጫ ጥርስ ይሰብራል። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሰጥም አይጠቅምም፤ በውስጡ የብረት ሽቦና ክር አለበትና። የቴኒስ ኳስም ሻካራ ልብሱ አፈር ሲይዝ ጥርስን እንደ ሞረድ ይበላል። ገመድ ክሩ መውጣት ሲጀምር ወዲያው መጣል አለበት። ለመከታ የተስማማው ያ መካከሉ ባዶ የሆነው የጎማ መጫወቻ ነው፤ ባለቤቴ ጨውና ቅመም የሌለው ቅንጬ ሞልታበት በማቀዝቀዣ ታቆየዋለች፤ እርሱም ያን እየላሰ እያኘከ ረዥም ጊዜ ይቀመጣል። ሁለትና ሦስት መጫወቻ ካለም ሁሉን ባንድነት ከመስጠት ይልቅ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ደብቆ በየጥቂት ቀኑ ማለዋወጥ ይሻላል፤ የተደበቀው ሲመለስ እንደ አዲስ ይቈጠራልና።

ነገር ግን ከሁሉ የጠቀመን፥ እንዲቀደድ የተፈቀደ ነገር መስጠታችን ነው። መቅደድ ጠባዩ ከሆነ የሚቀደድ ይኑረው። ልጄ ከሱቅ የወጣ ባዶ ካርቶን ታመጣለች፤ ፕላስተሩንና የብረት ስፌቱን ትነቅላለች፤ በውስጡ ጥቂት ድርቆሽ ትበትንና አጣጥፋ ትዘጋዋለች። መከታም ያን ካርቶን አሽትቶ፥ ቀድዶ፥ በትኖ፥ ድርቆሹን ለቅሞ ይበላል። ወረቀቱን ተፍቶ እንደሚተወው አይተን አረጋግጠናል፤ የሚውጥ ውሻ ያለው ሰው ይህን ባያደርግ ይሻላል። የተበተነውን ካርቶን መጥረግ የልጆቹ ሥራ ነው። አንድ ባዶ ካርቶን በአንድ ነጠላ ፋንታ መስጠት ትርፍ ያለበት ንግድ ነው።

ሰንሰለቱንም አስወገድን፤ በምትኩም ግቢውን አጥረን ፈታነው። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ግማሽ ሰዓት፥ ማታም እንዲሁ ግማሽ ሰዓት በማሰሪያ ይዘነው እንዞራለን። ለአፍንጫውም ሥራ ሰጠነው፤ ልጆቹ ከምግቡ ጥቂቱን በግቢው ልዩ ልዩ ቦታ ይደብቁና «ፈልግ» ይሉታል። ሲፈልግ የቆየ ውሻ፥ ሲሮጥ እንደ ዋለ ውሻ ደክሞ ይተኛል።

ከሁሉ የከበደው ነገር የመጣው በታኅሣሥ ወር ነው። ትንሹ ልጄ ከመከታ አፍ የተረፈውን የገመድ ቍራጭ ለመቀማት ጎተተ፤ መከታም ጥርሱን አሳይቶ አጕረመረመ። ያን ቀን ማንም አልተነከሰም፤ የአማቴ ቃል ግን በሁላችን ልብ ደወለ። ልጅና ውሻ በአንድ ግቢ ሲያድጉ ቀልድ አያስፈልግም። በሀገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ሰው የሚተላለፈው በውሻ ንክሻ ነው። ስለዚህ ውሻ ሁሉ ክትባቱን በጊዜው መከተብ አለበት፤ የተነከሰ ሰውም ቍስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሕግ ቆመ። አንደኛው፥ ማንም ልጅ ከውሻ አፍ ምንም አይቀማም፤ ትልቅ ሰው ይጠራል። ሁለተኛው፥ ትልቁም ሰው ቢሆን አይቀማም፤ ይለውጣል። «ስጥ» ብለን የተሻለ ነገር እናሳየዋለን፤ የያዘውን ሲጥል የተሻለውን እንሰጠዋለን፤ ብዙ ጊዜም የጣለውን ራሱን እንመልስለታለን። መስጠት ማጣት አለመሆኑን ያወቀ ውሻ ሲጠሩት አይሸሽም፤ አያጕረመርምምም። ቀማኛን የሚያስተምረው ቀማኛ ነውና፥ በኃይል ሲነጠቅ የኖረ እንስሳ አጥብቆ መያዝን ይማራል።

ስለ አጥንትም ጥቂት ልጨምር። በጾም ወራት፥ ይልቁንም በዓቢይ ጾም 55 ቀኖች፥ በቤታችን ሥጋ ስለማይበላ ለውሻውም አጥንት አይጣልለትም፤ በፋሲካ ማግስት ግን የዶሮው ወጥ ትራፊ ከነአጥንቱ ይቀርብለታል። ይህ ደግነት አደጋ አለው። የተቀቀለ አጥንት፥ በተለይም የዶሮ፥ ሲሰበር እንደ እሾህ እየሾለ ጕሮሮንና አንጀትን ይወጋል። በወጡም ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። በጉ ሲታረድም ውኃ የቋጠረ ፊኛ ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል አይገባም፤ በዚያ ምክንያት በውሻው ሆድ የሚያድገው ትል እንቍላሉ ወደ ሰው ተላልፎ ብርቱ በሽታ ያስከትላልና፥ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። ለማኘክ ያህል ከሆነ ጥሬ ካሮት ይበቃዋል፤ ይህም በጾምም በፍስክም የሚገኝ ነው።

የሚያኝክ ውሻ ያለው ሰው ማወቅ ያለበት አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። ካልሲ፥ ፌስታል፥ ክር ወይም የጎማ ቍራጭ የዋጠ ውሻ አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል። ደጋግሞ ቢያስመልሰው፥ ምግብ ቢጠላ፥ ሆዱን ሲነኩት ቢያመው፥ አምጦ ዓይነ ምድር ቢያጣ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰዳል። ክር ከአፉ ወይም ከኋላው ወጥቶ ቢታይም አይጎተትም፤ ሲጎተት አንጀቱን ይቈርጠዋልና።

ጥምቀት በደረሰ ጊዜ ባለቤቴ ያን ነጠላ ጥለቱን አስቀይራ ለብሳ ወጣች። መከታ ከኅዳር ወዲህ ያበላሸው አንድ ካልሲና አንድ የእግር መጥረጊያ ብቻ ነበረ፤ ይህንም ሳልደብቅ ለአማቴ ቈጥሬ አቀረብሁ። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና፥ «መቼም ጥርስ የሰጠው አምላክ ነው፤ እንግዲህ ይቈይ። ካርቶኑን ግን በእኔ መደብ በኩል እንዳይበትኑ» አሉ። ልጆቹም እልል አሉ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ቢኖር ይህ ነው። በቤታችን የሚያስቸግረን ጠባይ ሁሉ ክፋት አይደለም፤ ብዙው ቦታውን ያጣ ጕልበት ነው። ውሻው ጥርሱን ሊጥል አይችልም፤ ጥርሱ የሚያርፍበትን ልናዘጋጅለት የምንችል ግን እኛ ነን። ስለዚህ በግቢያችሁ የሚያኝክ ውሻ ካለ፥ በትሩን ከማንሣታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ስንት ሰዓት ታስሮ ይውላል? ዛሬ ምን ሥራ ሰጠነው? እንዲያኝክ የፈቀድንለት ነገር የትኛው ነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያለው ቤት ጫማውም ይተርፋል፥ ውሻውም ይተርፋል፤ ልጆቹም ደካማውን በትዕግሥት መያዝን ከዚያው ይማራሉ።